ሙቀቱ ስንት ጨመረ? አሲድና አልካሊን በፎም ኩባያ ቀላቅሎ መለካት

ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው አልካሊ) ሲቀላቀሉ ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። አይፈላም፣ አያጨስም፣ ቀለም አይቀይርም። ውሃ የሚመስሉ ሁለት ፈሳሾች ገብተው ውሃ የሚመስል ሦስተኛ ፈሳሽ ይወጣል። ወሬውን የሚያወራው ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው። ቀዩ መስመር ሽቅብ ይወጣል፣ ስድስት ሰባት ዲግሪ ያህል ጨምሮ ይቆማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ተማሪዎች ይህን ሙከራ "ቀላል ነው" ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ መቀላቀሉ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ጉዱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። አልካሊው ሳይቀዘቅዝ፣ ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ሙቀት ላይ ሳይደርሱ፣ መነሻው በወጉ ሳይነበብ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛውም ስሌት አያድነውም። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ብዙ ባወራ አትሰልቹ።

ስጽፍ ያሰብኩት ባሕር ዳር ያለን መምህርና ተማሪ ነው። ፖሊ ወይም ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) የሚማር ሰው የተሟላ ላብራቶሪ ሊያገኝ ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ግን አንዳንዴ አንድ ቴርሞሜትር ለሙሉ ክፍል ይዞ ነው የሚገባው። በዚያም ቢሆን ደህና ውጤት ይገኛል።

መጀመሪያ ስለ አደጋው

የምንጠቀመው 1 ሞላር አሲድና 1 ሞላር አልካሊ ነው፤ 1 ሞላር ማለት በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሞል (የኬሚስቶች የብዛት መለኪያ) ያለው ነው። ከዚህ በላይ አትሂዱ። አልካሊው ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለም፤ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ስለሚሄድ ከአሲዱ የባሰ ነው። መነጽር የግድ ነው። የላብራቶሪ መነጽር ከጠፋ፣ ብረታ ብረት ቤቶች ለግራይንደር የሚያደርጉት ዙሪያው የተዘጋ ግልጽ መነጽር ይሠራል። ጓንትም ይኑር። አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ ከጎን አስቀምጡ፤ ቧንቧ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ችላ አትበሉት። ዓይን ላይ ከተረጨ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ።

አንደኛው የባትሪ አሲድ ነው። ጋራዥ ሁሉ ስላለ ያጓጓል። ነገር ግን ከ4 ሞላር በላይ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ልብስ ይበሳል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ሲነካ ራሱ ይግላል።

ሁለተኛው በረኪና ነው። "ኮስቲክ ሶዳ ከሌለ በበረኪና እንሥራው" የሚል ሰው አይጠፋም። ቀይ ሊትመስን (አሲድና አልካሊን በቀለም የሚለየውን ወረቀት) መጀመሪያ ሰማያዊ ያደርገዋልና አልካሊ መምሰሉ ልክ ነው፤ ቀጥሎ ግን ወረቀቱን ጭራሽ ያነጣዋል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መርዝ ነው። በመስኮት ክፍት፣ በትንሽ መጠን የሚባል ነገር የለውም። አይሞከርም።

ዕቃው

ኩባያው ሙቀት የማያሳልፍ ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው የፎም ኩባያ ነው፤ ሁለቱን አንዱን በሌላው ውስጥ ከትታችሁ፣ እንዳይወድቅ ቢከር ወይም ጣሳ ውስጥ ታቆሙታላችሁ። የፎም ኩባያ ከጠፋ ቡና ይዞ ለመሄድ የሚቀዳበትን የወረቀት ኩባያ ሁለት ሦስቱን ደራርቡት፣ በመሃላቸው ስስ ጥጥ አድርጉ። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፎምም አለ፤ በቢላ ቆርጣችሁ ዙሪያውን ብታለብሱት አሪፍ ይሆናል። ክዳኑን ከካርቶን ቁረጡ፤ አንድ ቀዳዳ ለቴርሞሜትሩ፣ አንድ ለማማሰያው።

የብርጭቆ ዕቃ ሙቀቱን ራሱ ስለሚወስድ አልወደውም። የአሉሚኒየም ኩባያና ጆግ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፤ ሃይድሮጅን ጋዝም ይወጣል።

ቴርሞሜትር ስትፈልጉ ፋርማሲ የሚሸጠውን የሰውነት ሙቀት መለኪያ አትግዙ። ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያነበው፤ እኛ የምንሠራው ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው። ከ0 እስከ 100 የሚያነበው ባለ ቀይ አልኮል ቴርሞሜትር ይበቃል። የዲግሪን አንድ አስረኛ የሚያሳይ ዲጂታል ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ምክንያቱም ባለ አልኮሉ መስመሩ በየአንድ ዲግሪ ስለሆነ በዓይን ግምት ግማሽ ዲግሪ ድረስ ነው የምታነቡት። መነሻው ላይ ግማሽ፣ መድረሻው ላይ ግማሽ ብትስቱ፣ ከሰባት ዲግሪ ውስጥ አንዷ ሄደች ማለት ነው።

መጠን ለመለካት መለኪያ ሲሊንደር ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ትልቅ ስሪንጅ ያለ መርፌው። ባለ 20ም ባለ 50ም ሚሊ ሊትር ይሆናል። እንዲያውም ለሁለተኛው ሙከራ ስሪንጅ ከሲሊንደር ይሻላል። ለአሲድና ለአልካሊ የተለያየ ስሪንጅ ይኑር፤ በእስክሪብቶ "አ" እና "ል" ብላችሁ ጻፉበት። በአፍ መሳብ የሚባል ነገር ቀርቷል።

ውሃውስ? ዲስትልድ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ የመኪና ባትሪ ላይ ስለሚጨመር ነዳጅ ማደያና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ስትገዙ ግን "የባትሪ ውሃ" ብቻ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ገዝታችሁም በሊትመስ ፈትኑት። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ቢካርቦኔት ከ1 ሞላር አሲድ አንጻር ኢምንት ነው፤ ለልምምድ ችግር የለውም። የጣና ውሃ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ደለሉን አጥልለው ቢጠቀሙበትም ቴርሞሜትሩ ልዩነቱን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ግን ለምን?

ቴርሞሜትሩን መፈተን

የተፈጨ በረዶ ከትንሽ ውሃ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ቴርሞሜትሩን ንከሩት። ቀስ ብሎ ወርዶ 0 ላይ ሊቆም ይገባል።

የፈላ ውሃ ላይ ግን 100ን አትጠብቁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 94 ስላነበበ "ተበላሽቷል" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ደህና ቴርሞሜትር ስንት ይሆን! ባሕር ዳር ላይ መጠርጠር ያለበት 100 የሚያሳየው ነው።

ለነገሩ እኛ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ ግማሽ ዲግሪ አብልጦ የሚያነብ ቢሆን፣ መነሻውንም መድረሻውንም እኩል ስለሚያበልጥ ሲቀናነስ ይጠፋል። ጣጣው የሚመጣው አሲዱን በአንድ፣ አልካሊውን በሌላ ቴርሞሜትር ስትለኩ ነው። አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው ሲሄድ ታጥቦ ይጠረግ።

አልካሊውን ማዘጋጀት

250 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 10 ግራም ይፈልጋል። የአንድ ሞል ክብደቱ 40 ግራም ስለሆነ፣ ሩብ ሊትር ሩቡን ይወስዳል።

ነጫጭ እንክብሎች ናቸው። ክዳኑ ተከፍቶ ትንሽ ከቆየ ፊታቸው ያብረቀርቃል፣ ቀጥሎ ይረጥባሉ፣ ሚዛኑ ላይ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የአየሩን እርጥበት እየጠጡ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ዳር ላይ ይህን ለማየት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መዝኑ፤ በደረቅ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ክዳኑን ወዲያው መልሳችሁ። አርጅቶ የረጠበ ኮስቲክ 10 ግራም ቢመዝንም ከፊሉ ውሃ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ 10.5 ግራም እመዝናለሁ። አልካሊው ትንሽ ቢተርፍ አይጎዳም፤ ስሌቱን የምሠራው በአሲዱ ነው።

ቢከር ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጉ። እንክብሎቹን ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ በመስታወት ዘንግ አማስሉ። ቢከሩን በእጃችሁ ስትነኩት ትደነግጣላችሁ፣ ይሞቃል። አሁን ልብ በሉ። 10 ግራም ኮስቲክ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ ብቻ ፈሳሹን 10 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ልንለካው ከተዘጋጀነው ሙቀት ይበልጣል! ገና ሳይቀዘቅዝ የሚሠራ ሰው የሚለካው የመሟሟቱን ሙቀት ነው እንጂ የአሲድና የአልካሊውን አይደለም። ስለዚህ አልካሊው ከአንድ ቀን በፊት ቢዘጋጅ ይመረጣል። ሲቀዘቅዝ እስከ 250 ድረስ ውሃ ሙሉበት።

ለሳሙና ሥራ ገበያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳም ይሠራል፤ ንጽሕናው ዝቅ ስለሚል ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል።

አሲዱ

ይህን መምህሩ ይሥራው፣ ከክፍል ውጭ፣ ንፋስ ባለበት። ጠርሙሱ ላይ 37 በመቶ የሚል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 12 ሞላር ገደማ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አፍንጫ ይቆርጣል። መጀመሪያ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ 21 ሚሊ ሊትር አሲድ በቀስታ፣ በመጨረሻ እስከ 250 ውሃ። ሁልጊዜ አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚሄደው። እሱም ሲቀጥን ስለሚሞቅ ይቀዝቅዝ።

አንድ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የአሲዱንና የአልካሊውን ጠርሙስ ውሃ ያለበት አንድ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ጎን ለጎን አቁሟቸው። የሳፋው ውሃ ማታ ተቀድቶ ክፍሉ ውስጥ ያደረ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። ሁለቱም የሳፋውን ሙቀት ይይዛሉ፣ መነሻችሁ አንድ ይሆናል።

ለምን ይህን ያህል አጠበቅኩት? አልካሊው 25፣ አሲዱ 22 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። ተማሪው አሲዱን ብቻ ለክቶ "መነሻው 22" ብሎ ጻፈ። እኩል መጠን ሲቀላቀሉ እውነተኛው መነሻ 23.5 ነው። አንድ ዲግሪ ተኩል ከየትም ሳይመጣ ውጤቱ ላይ ተደመረ፤ ይህም ከምንጠብቀው 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ከአምስት አንዱን ያልፋል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ረፋድ 3 ሰዓት ላይ መሥራት ከሰዓት ከመሥራት ይሻላል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከሰዓት ምን እንደሚመስል መቼም አይነገራችሁም፤ የክፍሉ ሙቀት ራሱ በየደቂቃው ይለዋወጣል። ከሰዓት ደግሞ ከጣና በኩል ነፋሱ ይገባል። ለሰው ደስ ይላል፣ ለኩባያው ግን አይመችም። መስኮት ዳር ያለው ቡድንና ጥግ ያለው ቡድን የተለያየ ቁጥር ይዘው መጥተው ይከራከራሉ። ቢያንስ በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ።

መቀላቀልና ማንበብ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። የሞባይል ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል። በወረቀት ላይ ከ0 እስከ 10 ያሉትን ደቂቃዎች አስቀድማችሁ ጻፉ።

50 ሚሊ ሊትር አልካሊ ፎም ኩባያው ውስጥ አድርጉ። 50 ሚሊ ሊትር አሲድ በሌላ ኩባያ ይጠብቅ። የአሲዱን መጠነ ሙቀት ለክታችሁ ጻፉ፣ ቴርሞሜትሩን አጥባችሁ ጥረጉና አልካሊው ውስጥ አስገቡት። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ፈሳሹ ውስጥ ይሁን፤ የኩባያውን ግርጌ ግን አይንካ።

ሰዓቱን አስነሱ። በ0፣ በ1፣ በ2 እና በ3ኛው ደቂቃ የአልካሊውን አንብቡ። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አልካሊው ረግቷል ማለት ነው። እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ከሆነ ቁሙ፣ ወደ ሳፋው መልሱት።

በ4ኛው ደቂቃ አሲዱን በአንድ ጊዜ ጨምሩ፤ በጥንቃቄ ግን ሳታመነቱ። ወዲያው ክደኑና በዘንጉ አማስሉ። በቴርሞሜትሩ አታማስሉ፤ ጫፉ ስስ ነው፣ ከተሰበረ ሙከራው እዚያው አለቀ። በዚህ ደቂቃ ምንም አታንብቡ። ከዚያ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ በየደቂቃው አንብቡ፣ በመሃሉም ቀስ እያላችሁ አማስሉ።

ደህና የተሠራ ሙከራ ቁጥሮቹ ይህን ይመስላሉ። አልካሊው እስከ 3ኛው ደቂቃ 22.0፣ አሲዱ 22.4። ከተቀላቀለ በኋላ በ5ኛው 28.4፣ በ6ኛው 28.3፣ በ7ኛው 28.1፣ በ8ኛው 28.0፣ በ9ኛው 27.8፣ በ10ኛው 27.7።

ግራፉና ስሌቱ

ትልቁ የታየው ቁጥር 28.4 ነው። እሱን ይዞ መሮጥ ይቀናል። ግን አስቡት፣ ከ4ኛው እስከ 5ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ኩባያው እየቀዘቀዘ ነበር። ጫፉን በትክክል አላየነውም።

መፍትሔው ግራፍ ነው። ደቂቃውን በአግድም፣ መጠነ ሙቀቱን በቁም አድርጉ። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ነጥቦች ወደ ታች ያዘነበለ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። መስመሩን በማስመሪያ ወደ ኋላ እስከ 4ኛው ደቂቃ ድረስ ጎትቱት። በምሳሌያችን 28.6 ላይ ያርፋል። ምንም ሙቀት ባይባክን ፈሳሹ ይደርስበት የነበረው እዚያ ነው።

መነሻው የ22.0 እና የ22.4 አማካይ፣ 22.2 ነው። ልዩነቱ 28.6 ሲቀነስ 22.2፣ ማለትም 6.4 ዲግሪ።

ጠቅላላው ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር ነው። እንደ ውሃ ቆጥረን 100 ግራም እንለዋለን። አንድ ግራም ውሃን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ጁል ያስፈልጋል።

100 × 4.18 × 6.4 = 2,675 ጁል ገደማ።

50 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር አሲድ ውስጥ 0.05 ሞል አለ። 2,675ን ለ0.05 ስናካፍል 53,500 ጁል፣ ወይም በሞል 53.5 ኪሎ ጁል ይሆናል። የመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት 57 አካባቢ ነው። በፎም ኩባያ ለተሠራ ሥራ 53.5 የሚያኮራ ነው። ግራፉን ትተን በ28.4 ብንሠራ ኖሮ 51.8 ነበር የምናገኘው።

ሙቀቱ ስለሚወጣ ምላሹ ላይ የመቀነስ ምልክት ይደረጋል። ፈተና ላይ ይህችን ምልክት ረስቶ ነጥብ የሚያጣ ተማሪ ብዙ ነው።

ውጤታችሁ ከ57 በላይ ከሆነስ? ሙቀት ይባክናል እንጂ ከሜዳ አይፈጠርም። አልካሊው ሳይቀዘቅዝ ቀርቷል፣ ወይም አሲዱ ከ1 ሞላር በላይ ነው፣ ወይም መነሻው የተነበበው ከአንዱ ፈሳሽ ብቻ ነው። ከ45 በታች ከወረደ ደግሞ ኩባያውን፣ ክዳኑንና የኮስቲኩን ዕድሜ ጠርጥሩ።

ለክፍል ጥሩ ጥያቄ አለኝ። 50ና 50 ትተን 25ና 25 ብንቀላቅል የሚጨምረው ዲግሪ ግማሽ ይሆናል? አብዛኛው ተማሪ "አዎ" ይላል። አይደለም፤ ያው ሰባት ዲግሪ ገደማ ነው። የወጣው ሙቀት ግማሽ ቢሆንም የሚሞቀው ፈሳሽም ግማሽ ነው። ትንሽ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ እኔ 50ውን እመርጣለሁ።

አሲዱን በናይትሪክ አሲድ ብትለውጡትም ቁጥሩ ከ57 ብዙ አይርቅም። ክሎራይዱና ሶዲየሙ ተመልካች ናቸው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው የአሲዱ ሃይድሮጅን አዮን ከአልካሊው ሃይድሮክሳይድ ጋር ተጣምሮ ውሃ ሲሆን ነው። አቼቶ ላይ ግን ትንሽ ይቀንሳል፤ ውስጡ ያለው አሴቲክ አሲድ ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ ለመከፈል ጥቂት ኃይል ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ

ይህኛው የበለጠ ደስ ይለኛል። አሲዱን በአንዴ ሳይሆን 5 ሚሊ ሊትር በ5 ሚሊ ሊትር እየጨመርን፣ አልካሊው የት ላይ እንዳለቀ በቴርሞሜትር እናገኛለን። አልካሊ ውስጥ ሮዝ የሚሆነው ፌኖልፍታሊን አያስፈልግም።

25 ሚሊ ሊትር አልካሊ ፎም ኩባያው ውስጥ አድርጉና አንብቡ። በስሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር አሲድ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ቀዩ መስመር መውጣቱን ሲያቆም አንብቡ፣ ወዲያው ቀጣዩን ጨምሩ። እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም፤ በቆያችሁ ቁጥር ኩባያው ይቀዘቅዛል። እስከ 40 ሚሊ ሊትር ቀጥሉ።

ሁለቱም ልክ 1 ሞላር ቢሆኑ፣ መነሻው 22.0 ቢሆንና ሙቀት ባይባክን በስሌት የሚጠበቀው ይህ ነው።

5 ሚሊ ሊትር ላይ 24.3
10 ላይ 25.9
15 ላይ 27.1
20 ላይ 28.1
25 ላይ 28.8
30 ላይ 28.2
35 ላይ 27.7
40 ላይ 27.2

የእናንተ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቅርጹ ግን ያው ነው፤ እየጨመረ ይሄድና ከአንድ ቦታ በኋላ መውረድ ይጀምራል። የሚወርደው አልካሊው ስላለቀ ነው። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት አሲድ የሚያገኘው ጓደኛ የለም፣ ፈሳሹን የሚያቀዘቅዝ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሆኗል።

ወደ ጫፉ በሚወጡት ነጥቦች አንድ መስመር፣ በሚወርዱት ሌላ መስመር አስምሩ። የሚቋረጡበት ቦታ መልሱ ነው። እንደ እኔ 10.5 ግራም ከመዘናችሁ መገናኛው 25 ላይ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይመጣል። 22 ላይ ከመጣ ኮስቲኩ አርጅቷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ዝቅ እንዳለም ታውቃላችሁ።

አሁን አሲዱን በአቼቶ ተኩት። ሱፐርማርኬት ያለው አቼቶ ላይ 5 በመቶ ከተባለ 0.83 ሞላር ገደማ ነው፤ 25 ሚሊ ሊትር አልካሊ ለመጨረስ 30 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። 4 በመቶ ከሆነ 37 ወይም 38 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ለአቼቶ እስከ 55 ሚሊ ሊትር ድረስ ቀጥሉ፣ የሚወርደው መስመር በቂ ነጥብ እንዲያገኝ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከግራፋችሁ ጋር አስተያዩት። ተማሪ በጣም የሚወደው እዚህ ጋ ነው፤ ከእናቱ ጓዳ የመጣ ዕቃ እውነተኛነቱ ሲፈተን።

ጥቁር ቀለም ያለው አቼቶም ቢሆን ችግር የለውም። ፌኖልፍታሊን ሮዝ መሆኑ በጥቁር ፈሳሽ ውስጥ አይታይም፤ ቴርሞሜትሩ ግን ቀለም አይመርጥም። የሎሚ ጭማቂም እንደዚሁ፤ አጥልላችሁት ብቻ።

ለትንንሽ ልጆች

ኮስቲክ ሶዳ ለትናንሽ ክፍሎች አይሰጥም። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ስጧቸው። ግን ውጤቱ ተቃራኒ እንደሚሆን እወቁ፤ ይቀዘቅዛል! አረፋው እየተንቸከቸከ ቴርሞሜትሩ ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲወጣና ሶዳው ሲሟሟ ከፈሳሹ ሙቀት ይወስዳሉ። "አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሁልጊዜ ይሞቃል" ብሎ የሸመደደን ልጅ ለማስደንገጥ ከዚህ የተሻለ የለም።

የገበሬ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በጎጃምና በአዊ ብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ይበተንበታል። "ታዲያ ማሳው ለምን አይሞቅም?" ይሞቃል፣ ግን ኖራው የሚሟሟው በወራት ነው፤ ሙቀቱ እየወጣ በሰፊው አፈር ላይ ይበተናል። ቴርሞሜትር አያገኘውም።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ኩባያው ውስጥ የቀረው በአብዛኛው የጨው ውሃ ነው። እንዳትቀምሱት ግን፤ የተረፈ አሲድ ወይም አልካሊ አለበት። አንድ ባልዲ ውስጥ ሰብስቡት፣ በሊትመስ እዩት፣ ወደ አንዱ ካጋደለ በሌላው አስተካክሉት፣ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ በመታጠቢያው ፍሳሽ ልቀቁት። ሐይቁ ቅርብ ነው ብሎ ጣና ዳር ወስዶ መድፋት አይገባም።

የተረፈውን አልካሊ በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ። የብርጭቆ ክዳን ባለው ጠርሙስ ካስቀመጣችሁት ክዳኑ ተጣብቆ አይከፈትላችሁም። ፕላስቲክ ሲባል ግን የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት አይደለም። ውሃ ይመስላል፣ ሽታ የለውም፣ የጠማው ልጅ አንስቶ ይጎነጨዋል። የኬሚካል ዕቃ ላይ ስሙን፣ "1 ሞላር" የሚለውንና ቀኑን በትልቁ ጻፉ፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡት። አንድ ወር ካለፈው ለሚቀጥለው ሙከራ አዲስ አዘጋጁ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይደክማል።